ውሃ ፈሷል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር

ሥራዬን ከቀየርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስድስት ዓመት አዋሽ ሰባት ኪሎ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበርኩ፤ አሁን ሰመራ ላይ አዋላጅ የሚሆኑ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ስለ ቀድሞ ሥራዬ የመጻፍ ሐሳብ አልነበረኝም። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንዲት ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቀረችና አንድ ወሬ ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለፈውን ነገር በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩት በቀር እንቅልፌም ማስተማሬም አልስተካከል አለኝ።

ተማሪዋ ሐሊማ ትባላለች፣ የአፋምቦ ልጅ ናት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ሲስተር፣ ምክር ፈልጌ ነበር። ታናሽ እህቴ ዘሃራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ወሯ እየገባ ነው። እናቴ ግን ጤና ጣቢያ አትሄድም ብላለች።»

«ለምን?»

«በአንድ ወሬ የተነሳ። አዋሽ ላይ አንዲት ሲስተር ነበረች አሉ። ምጥ የያዛት ልጅ ስትመጣላት ‹ውሃ ፈሷል?› ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም። ሕፃኑ ሞተ። እናቴ ‹ሳይሰሙ ለሚጽፉ ሰዎች ልጄን አልሰጥም› ነው የምትለው።»

ያቺ ሲስተር እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «እስቲ ላስብበት» ነው። ሐሊማ አመስግናኝ ወጣች። እኔ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አጠፋሁት፤ አንድም ነገር አልተጻፈበትም ነበር።

ወሬው ከአዋሽ አፋምቦ ድረስ ያን ያህል አገር አቋርጦ እንዴት እንደደረሰ ላስረዳ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ በሰላምታው ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ቀጥሎ ዝናቡ፣ ግጦሹ፣ ከብቱ ይመጣል። የሚከብደው ነገር፣ እኔ እንዳየሁት፣ ወደ መጨረሻው ነው የሚነገረው። ወሬ ላይ መጨመር ነውር ነው፣ መቀነስም እንደዚሁ። ስለዚህ ሐሊማ የነገረችኝ ወሬ ከዚያ ሁሉ ሰው አፍ አልፎ ሲመጣ ምንም አልተዛነፈም። ጠይቄ ነበር፤ አልጠበቅሁም።

አዋሽ የተመደብኩት ደሴ በተመረቅሁበት ዓመት ነው። ደመወዙ ላይ የበረሃ አበል ስላለው እናቴ ደስ ብሏት ነበር፤ እኔ የመጀመሪያውን ወር የቆየሁት እርጥብ ነጠላ ራሴ ላይ ጥዬ ነው። ከተማዋ የመንገደኛ ከተማ ናት። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች እዚያ ያድራሉ፣ የምሥራቅ አውቶቡሶች ለምሳ እዚያ ይቆማሉ። ለምሳ ከቆመ አውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ወደ እኛ የመጣች ምጥ የያዛት ሴት አይቻለሁ፤ ሹፌሩ በር ላይ ሆኖ «ሲስተር፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሲስተር ዘይነባ ናቸው። የባቲ ሰው ናቸው፣ አፋርኛን እንደ አማርኛ ይናገሩታል። ጣታቸው አጭርና ወፍራም፣ ጥፍራቸው ሁልጊዜ እስከ ሥጋው የተቆረጠ ነው። አንዲት እናት ስትገባ ከሰላምታ በኋላ መዳፋቸውን ሆዷ ላይ ያሳርፉና ዝም ይላሉ። ሦስት ምጥ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ብዕር አያነሱም። መጀመሪያ ሰሞን ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

«ምን እየሰሙ ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የአፍንጫሽን ጫፍ ንኪ። ምጡ ሲመጣ ሆዷ ይህን ያህል ብቻ ከጠነከረ ገና ነው። አሁን አገጭሽን ንኪ፤ ይህን ካከለ መንገድ ጀምራለች። ግንባርሽን ካከለ ደግሞ ውሃሽን አሙቂ፣ ጓንትሽን አቅርቢ።»

ይህን እስከ ዛሬ ተማሪዎቼን አስነካቸዋለሁ፤ ክፍሉ ሙሉ ልጅ አፍንጫውን፣ አገጩንና ግንባሩን እየነካ ይስቃል።

የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ከሌላው የሚለየው በርዝመቱ ነው። የማህፀን በር ከዚህ በፊት ተከፍቶ ስለማያውቅ በዝግታ ይሳሳል፣ በዝግታ ይከፈታል። እናቲቱ የሚመጣውን አታውቅምና ገና ባልጀመረ ነገር ኃይሏን ትጨርሳለች። ስትፈራ መንጋጋዋን ትነክሳለች፣ ትከሻዋ ይወጠራል፣ ሕመሙም እጥፍ ይሆናል። ሲስተር ዘይነባ መጀመሪያ የሚያላሉት መንጋጋዋን ነው። «አፍሽን ክፈቺ፣ እንደሚያዛጋ ሰው» ይሏታል። ከዚያ ያራምዷታል፣ በጉልበቷ ያንበረክኳታል፣ ምጡ ሲመጣ በመዳፋቸው ሥር የታችኛውን ወገቧን ተጭነው ይይዛሉ፤ አያሹም፣ ይጫናሉ። በመሃል ስኳር የበዛበት ሻይ በማንኪያ ይሰጧታል። አልጋ ላይ በጀርባ ማስተኛት አይወዱም ነበር። «ልጁ ቁልቁል ነው የሚወርደው፤ እናቱን ለምን ታጋድሚያታለሽ?» ይሉኝ ነበር።

ከወሎ መጥተው በከተማው ካፌና ሱቅ የከፈቱ ቤተሰቦች ልጆች ብዙ ጊዜ ይጮሃሉ። አንዷ የካፌ ባለቤት ሚስት ገና በጠዋቱ «ሲስተር ሞትኩ! ሞትኩ እኮ!» እያለች ግቢውን አናወጠችው።

«አብሽሪ» አሏት ሲስተር ዘይነባ። «የሞተ ሰው እንዲህ ቢጮህ ቀባሪ አይገኝም ነበር።»

ልጅቷ በሕመሙ መሃል ሳቀች። በዚያው ሳቅ መንጋጋዋ ላላ።

ብዙዎቹ የአፋር ሴቶች ግን አይጮሁም። ገና በልጅነታቸው ምጥን በዝምታ መቻል ተነግሯቸው ያደጉ ናቸው። ሲስተር ዘይነባ ይህን አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል፦ «እዚህ ፊት አያወራም። ፊቷን ተይውና እግሯን እይ። ምጡ ሲመጣ የእግሯ ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ፊትን መግራት ይቻላል፤ ጣትን የሚገራ አላየሁም።» ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

መዲና የመጣች ቀን ሲስተር ዘይነባ ለሐዘን ባቲ ሄደው ነበር። እኔ ብቻዬን ነኝ። አንዷ ወልዳ ደም እንዳይፈሳት እየጠበቅኋት፣ ሁለቱ ምጥ ላይ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት የአፋር ሴት ከአክስቷ ከወይዘሮ ፋጡማ ጋር ገባች። ረጅም፣ ቀጭን፣ አይኗ መሬት ላይ። የመጀመሪያ ልጇ ነው። የእኔ አፋርኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ዘበኛችንን ሁመድን ለማስተርጎም ጠራሁት።

«ምን ሆነው እንደመጡ ጠይቅልኝ።»

ሁመድና ወይዘሮ ፋጡማ ረጅም ንግግር ያዙ። እኔ በር በሩን አያለሁ።

«ደህና ናቸው» አለ ሁመድ። «ሰፈራቸውም ደህና ነው።»

«ደህና ከሆኑ ለምን መጡ? ምጥ ጀምሯታል ወይ በላቸው።»

«ቆይ ሲስተር፣ ገና እየነገሩኝ ነው።»

«ሁመድ፣ ሦስት ሰው እየጠበቀኝ ነው! አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ። ውሃ ፈሷል?»

ሁመድ በመሃል ገብቶ ጠየቀ። ወይዘሮ ፋጡማ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁና አጭር መልስ ሰጡ።

«ጠብ አላለም ነው የሚሉት።»

ጻፍኩ፦ የሽርት ውሃ አልፈሰሰም። እጄን ሆዷ ላይ አሳረፍኩ፣ አንድ ምጥ መጣ፤ ግን ከሌላው ክፍል ስጠራ መጠንከሩን እስከ መጨረሻው ሳልከታተል አነሳሁት። የሕፃኑን የልብ ምት ሰማሁ፣ ጥሩ ነበር። የመዲናን ፊት አየሁ። ፊቷ ውስጥ ምንም የለም። የውስጥ ምርመራ ሳላደርግ፣ የለበሰችውን ጨርቅ እርጥብ ይሁን ደረቅ ሳላይ፣ ለመጀመሪያ ወላጆች የምሰጠውን ምክር ሰጠኋት፦ ገና ነው፣ ዘመድ ቤት አርፊ፣ ተራመጂ፣ ጠጪ፣ ሕመሙ ሲጠነክር ተመለሺ። ምክሩ በራሱ ስህተት የለበትም። እሷን ስለማይመለከት ነው ስህተት የሆነው።

በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። ሲስተር ዘይነባም በዚያው ጠዋት ደርሰዋል። መዲናን አልጋው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ሆዷ ላይ ሲያደርጉ ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ትኩሳት አላት። ግሉኮስ ክፈቺ፣ አምቡላንስ ጥሪ» አሉኝ ድምፃቸውን ሳያነሱ። እኔ ስሯሯጥ እሳቸው ከአክስቲቱ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ፣ አንድ እጃቸውን ከመዲና ሆድ ሳያነሱ በአፋርኛ ወሬ ጠየቁ። ወይዘሮ ፋጡማም ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰላምታ። ሰፈር። ዝናብ። ከብት። ከዚያ በኋላ መዲና። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ሄዳ እግሯ ድረስ እንደፈሰሳት፣ ቀለሙ ትንሽ አረንጓዴ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ እህል እንዳልቀመሰች።

ሲስተር ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት ጠይቀሻቸው ነበር?»

«ጠይቄያለሁ! ጠብ አላለም አሉኝ።»

ወይዘሮ ፋጡማን ጠየቋቸው። ከዚያም ሁመድን። ሁመድ ግንባሩን ያዘ። ሴትዮዋ በተራቸው ዝናቡ ላይ ደርሰው ነበር፤ ጥያቄዬ ሲገባ ዝናብ ዘንቦ ውሃ ፈሷል ወይ የተባሉ መሰላቸው። የመለሱት «ዘንድሮ? ጠብ አላለም» ብለው ነው። «ዘንድሮ» የምትለዋን ቃል ሁመድ ለማሳጠር ትቷታል፤ እንዲያሳጥር ያጣደፍኩት እኔ ነኝ።

አምቡላንሱ ውስጥ አብሬያት ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ድምፅ አላሰማችም። እግሯ ከአንሶላው ወጥቶ ነበር፤ ጣቶቿ ታጥፈው ይዘረጋሉ፣ ታጥፈው ይዘረጋሉ። ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ በሁለተኛው ቀን በኢንፌክሽን ሞተ። እሷ ተረፈች።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ጉዳዩን ለማጣራት ካርዱን አስመጡ። አገላብጠው አዩና «ጠይቀሻል፣ መልሱንም መዝግበሻል። በሰነዱ መሠረት የሠራሽው ጥፋት የለም» አሉኝ። እንዲህ የሚያስፈራ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እንባዬን ይዤ ወደ ሲስተር ዘይነባ ሄድኩ።

«ጥያቄዬ ልክ ነበር አይደል?» አልኳቸው።

«ጥያቄሽ ልክ ነበር» አሉኝ። ጓንት እያጠፉ ነበር፣ አላቋረጡም። «ተናግሮ ያልጨረሰን ሰው ነው የጠየቅሽው።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የጭንቀት ናቸው። እያንዳንዷን እናት ስለ ውሃው ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ እሷን፣ አብሯት የመጣውን፣ ከዚያ እንደገና እሷን። የከተማው ሴቶች ስም አወጡልኝ። ገበያ ሳልፍ «ሲስተር ውሃ መጣች! ደርቀሻል ወይስ ፈሰሰሽ?» እየተባባሉ ይስቃሉ። አብሬ እስቅ ነበር። አፋርኛ መማር ጀመርኩ፤ የውስጥ ጭንቀቴ ግን አልቀነሰም። የሰመራው የማስተማር ቦታ ሲወጣ አመለከትኩ። ሰዎች ዕድገት ነው አሉኝ። እኔም አልተቃወምኩም።

እዚህ የምናስተምርባት የፕላስቲክ ሞዴል አለች። ሆዷ ይከፈታል፣ ልጁ ይወጣል፣ ይመለሳል። ጣቶቿ አይታጠፉም። ተማሪዎቼ ጎበዞች ናቸው፣ የምጥ መከታተያ ቅጹን በትክክል ይሞላሉ፤ እኔም በትክክል ሞልቼ ነበር።

ሐሊማ ወሬውን ከነገረችኝ በኋላ አራት ቀን ዝም አልኩ። በአምስተኛው ቀን ቢሮዬ ጠራኋት።

«ሐሊማ፣ እህትሽ እንዴት ናት?»

«ሳምንት አይሞላትም ይመስለኛል፣ ሲስተር። እናቴ እንዳለች ናት።»

«ያቺ የአዋሽ ሲስተር እኔ ነኝ።»

አፏን በሻርፗ ያዘች። «እርስዎ?» አለች። ከዚያ «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለችኝ። ተቆጥታ ብትወጣ ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ አሳይታ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወደ አፋምቦ በፒክአፕ ሄድን። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን በራሴ ውስጥ እደረድር ነበር፤ ሦስት ነጥብ አወጣሁ፣ አራት አደረግኋቸው፣ መልሼ ሦስት። የሐሊማ እናት ወይዘሮ ዓይሻ በማግስቱ ጠዋት ከቤታቸው ደጅ፣ ከጥላው ሥር ተቀበሉኝ። ዘሃራ ከጀርባቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ረጋ ያለ ነው።

ነጥቦቼን ተውኳቸው። በማውቃት አፋርኛ ሰላምታ ሰጠሁ፤ የቀረውን በአማርኛ ተናገርኩ፣ ሐሊማ ተረጎመች። መንገዱን ተናገርኩ። አሳይታ ላይ ያየሁትን ደመና፣ የተማሪዎቹን ጤንነት ተናገርኩ። ከዚያ አዋሽን፣ መዲናን፣ ያልጠበቅሁትን መልስ፣ የልጁን ሞት። «በዚያ ቀን ሥራ በዝቶብኝ፣ ሦስት ሴቶች...» ብዬ ጀመርኩ።

ሐሊማ መተርጎሟን አቆመች። «ሲስተር፣ ይህን ልበለው? ወሬው ውስጥ የለም።»

«ተይው» አልኳት።

ወይዘሮ ዓይሻ ወደ ሐሊማ ዞሩ። «የሰማሁት ይኸው ነው» አሉ። «አልጨመረችም።» ቀጥለውም ተራው የእሳቸው ነውና የራሳቸውን ጀመሩ። እጄን ጉልበቴ ላይ አጣብቄ ሰማሁ። ፍየሎቹ። የአንድ ጎረቤት ሠርግ። የሐይቁ ውሃ። በመሃል ዘሃራን አየሁ፤ ከቀሚሷ ጫፍ የወጡት የእግሯ ጣቶች ታጥፈዋል። ጣቶቿ ተዘረጉ። ወይዘሮ ዓይሻ ገና ሠርጉ ላይ ናቸው። እንደገና ታጠፉ። ብነሳ ሁሉም ያበቃል፤ ብቀመጥ ደግሞ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሰዓቴን በስርቆት አየሁ፦ በሁለቱ መካከል ሰባት ደቂቃ። ጊዜ አለ ብዬ ራሴን አስተማርኩ፣ የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ ጊዜ አለ።

በመጨረሻ ደረሱ። «ልጄ ደግሞ» አሉ፣ «ከንጋት ጀምሮ ወገቧን ይዟታል። ውሃዋ አልፈሰሰም። እንቅስቃሴው አለ።» ከዚያም ተነሱ። «ሐሊማ፣ ልብሷን ያዢ። ጤና ጣቢያው እስከ ምሳ ድረስ ሰው አለው?»

ጤና ጣቢያው ያለችው አዋላጅ ወጣት ናት፣ አብሬያት እንዳዋልድ ፈቀደችልኝ። ቀኑን ሙሉ ቆየን። ሦስት ምጥ በእጄ ጨረስኩ፤ አገጭ ነበር። አራመድናት፣ አንበረከክናት፤ ሐሊማ ወገቧን ስትጫን ዘሃራ «ዝቅ፣ እዚያ አይደለም» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፣ እናቷም ሳቁ። ውሃው ከሰዓት በኋላ ፈሰሰ፤ ጥርት ያለ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ወደ ብርሃን አስጠግቼ አየሁት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በእናቷ አንገት ተንጠልጥላ፣ ተንበርክካ ወለደች። ሴት ልጅ። ለጥቂት ጊዜ አላለቀሰችም። ጀርባዋን በጨርቅ አሸሁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዬ መቁጠር ጀምሬ የት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ከዚያ ጮኸች። በዚያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ማንም እንደዚያ አልጮኸም ነበር።

የእንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ ደሙ ቆሞ፣ ሕፃኗ ጡት ከያዘች በኋላ ወይዘሮ ዓይሻ ወደ ውጭ ወጡ። ወሬ የሚጠብቁ ሰዎች በር ላይ ተቀምጠዋል። ወዲያው ተመልሰው ገቡ፣ ለሐሊማም አንድ ነገር ነገሯት።

«ስምዎን ትጠይቃለች» አለችኝ ሐሊማ። «የአዋሿ ሲስተር እስካሁን ስም አልነበራትም። አሁን ወሬውን ልትሰጥ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲስተር፣ ወሬው ስም ከያዘ ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት። የመዲናም የዘሃራም። መናገር ግዴታዎ አይደለም።»

ስሜን ነገርኳቸው፦ ሐና። የማን ልጅ አሉኝ። የጥላሁን።

«ሐና ዲላሁን» አሉ፣ እንዳይረሱት ቀስ ብለው።

«ጥላሁን» ብዬ አረምኳቸው፤ አስተካክለው እስኪጠሩት ድረስም ጠበቅሁ።